ዞዲቢ ከሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ፦ ለብራና መጻሕፍት መዝገብ የመረጥነው ኦብጀክት ዳታቤዝ

ከሁለት ዓመት በፊት፣ የብራና መጻሕፍትን የሚጠብቅ አንድ አነስተኛ የቅርስ ማከማቻ ለስብስቡ የኮምፒውተር መዝገብ እንድንሠራለት ጠየቀን። ሦስት ፕሮግራመሮች ነን፤ ሦስታችንም በዩኒቨርሲቲ ስለ መረጃ ቋት የተማርነው በሰንጠረዥና ሰንጠረዥ በሚጠየቅበት ቋንቋ በኤስኪውኤል ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የሠራናቸው ሥራዎችም፣ የሱቅ ሽያጭ ይሁን የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ሁሉም ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል በሚባሉት የሰንጠረዥ ዳታቤዞች ላይ የቆሙ ነበሩ። ለዚህኛው ሥራ ግን ከብዙ ክርክር በኋላ ኦብጀክት ዳታቤዝ፣ ማለትም በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትን ነገሮች (ኦብጀክቶች) ወደ ሰንጠረዥ ሳይለውጥ የሚያስቀምጥ መረጃ ቋት መረጥን፤ ከእነዚህም መካከል ፓይተን ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራውንና ሙሉ ስሙ ዞፕ ኦብጀክት ዳታቤዝ የሆነውን፣ ባጭሩ ዞዲቢን ያዝን። ተመሳሳይ ምርጫ ከፊቱ የተደቀነበት ባለሙያ ካለ፣ ያገኘነውንም ሆነ የከፈልነውን ሳንሸሽግ ልንነግረው ይገባል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

አንድ የብራና መጽሐፍ በሰንጠረዥ ረድፍ ውስጥ በቀላሉ አይቀመጥም። ዳዊት የምንለውን መጽሐፍ ብንወስድ፣ በአንድ ጥራዝ ውስጥ መዝሙረ ዳዊት፣ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ተከታትለው ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ መጀመሪያና መጨረሻ ቅጠል አለው። በኅዳጉ ላይ የርስት ወይም የጉልት ማስታወሻ ሊጻፍበት ይችላል፤ ያ ማስታወሻ ደግሞ ከመጽሐፉ ጽሕፈት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በሌላ እጅ፣ በሌላ ንጉሥ ዘመን የተጨመረ ሊሆን ይችላል። አንዱ መጽሐፍ ሥዕል አለው፣ ሌላው የለውም። አንዱ ተበትኖ እንደገና ሲጠረዝ የሌላ መጽሐፍ ቅጠሎች ገብተውበታል። እንዲህ ያለው ነገር አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሳይሆን የስብስቡ ተፈጥሮ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ያስቸገረን የዘመን ጉዳይ ነበር። ጸሐፊው የጨረሰበትን ጊዜ ሲያስታውቅ አንዱ በዓመተ ምሕረት፣ ሌላው በዓመተ ዓለም፣ ሌላው በዓመተ ሰማዕታት ይቆጥራል፤ 2017 ዓመተ ምሕረት በዓመተ ዓለም 7517፣ በዓመተ ሰማዕታት ደግሞ 1741 ነው። ሌላው ዓመቱን ትቶ «በዘመነ ማቴዎስ» ብሎ ያልፋል፤ ዘመነ ወንጌላዊ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ ይህ ብቻውን የትኛውን ዓመት እንደሚያመለክት አይለይም። ሌላው «በነገሠ በሰባተኛው ዓመት» ይላል። ሌላው ምንም አይልም፤ ያን ጊዜ የጽሕፈቱን ዓይነት ያየ ባለሙያ ክፍለ ዘመኑን ይገምታል። እነዚህ ሁሉ «ዘመን» ናቸው፤ ሁሉም ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል ሲጠየቁ መመለስ አለባቸው፤ በውስጣቸው የሚይዙት መረጃ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

በፓይተን ይህ ችግር አይደለም። «ዘመን» የሚባል አንድ ክላስ (የአንድ ዓይነት ነገር ንድፍ)፣ ከእሱ የሚወርሱ አምስት ክላሶች፣ በእያንዳንዱም ላይ ስሌቱን የሚሠራ አንድ ተግባር ይበቃል። በሰንጠረዥ ለማስቀመጥ ስንነሳ ግን ወይ አብዛኛው ሕዋሱ ባዶ የሆነ ሰፊ ሰንጠረዥ እናበጃለን፣ ወይ ለእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ ሰንጠረዥ ከፍተን በየመጠይቁ እንገጣጥማለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፖስትግሬስ ይህን ሞክረን ነበር፤ አንድን መጽሐፍ በሙሉ ለማሳየት የምንጽፈው መጠይቅ ከመጽሐፉ መግለጫ ይልቅ ረዘመ። ፖስትግሬስ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጄሰን የተባለውን የመረጃ አጻጻፍ በማውጫ እየፈለገ የሚያስተናግድበት መንገድ አለው፤ ያም ብዙ ርቀት ይወስዳል፣ እንዲያውም ለብዙ ሥራ የተሻለ መልስ ነው እላለሁ። ነገር ግን ከጄሰን ወደ ፓይተን ክላስ፣ ከክላስም ወደ ጄሰን የሚመላልሰውን ኮድ እኛው መጻፍና መጠበቅ ነበረብን።

ኦብጀክት ዳታቤዝ የሚያስቀረው ይህንን መመላለስ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ነገር ከነዝምድናው፣ አንዱ ወደ ሌላው ከሚጠቁምበት መንገድ ጋር፣ እንዳለ ያስቀምጠዋል፤ በማግስቱ ሲከፈት መጽሐፉ ቅጠሎቹን፣ ቅጠሉም ማስታወሻዎቹን እንደያዘ ይገኛል። ይህ ምቾት ግን ዋጋ አለው፤ የዚህ ግምገማ ዋና ነጥብም ይኸው ዋጋ ነው። በሰንጠረዥ የተቀመጠ መረጃ የጻፈው ፕሮግራም ቢጠፋም ማንም ኤስኪውኤል የሚያውቅ ሰው ያነብበዋል፤ በኦብጀክት ዳታቤዝ የተቀመጠው ግን ክላሱን ከገለጸው ኮድ ጋር ተጋብቷል። ስለዚህ ስለ ፍጥነት ከመጠየቅ በፊት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ መረጃው በምን በር ይወጣል ብሎ መጠየቅ ይገባል። በዚህ መስክ እንደ ኤስኪውኤል ሁሉም የሚከተለው ቋንቋ የለም። ኦዲኤምጂ የተባለው ቡድን የጋራ ደንብ ለማውጣት በ1993 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን፣ በ2000 ደግሞ ሦስተኛውን ዝርዝር ካሳተመ በኋላ በ2001 ተበትኗል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ምርት በራሱ መንገድ ይሄዳል።

ከመወሰናችን በፊት ያየናቸውን ሌሎች ምርቶች በአጭሩ ልጥቀስ። ዲቢፎርኦ ለጃቫና ለዶትኔት የተሠራ፣ ለመማር በጣም ቀላል የነበረ ዳታቤዝ ነው፤ ባለቤቱ ድርጅት በ2008 በቨርሳንት፣ ቨርሳንት ደግሞ በ2012 በአክቲያን ተገዛ፤ ከዚያ በኋላ ልማቱ ቆመ። ዛሬም ስለ እሱ የተጻፈው ትምህርት ድንቅ ነው፤ አዲስ ሥራ በእሱ መጀመር ግን አይገባም። ሪልም የተባለው ለስልክ መተግበሪያ የተሠራና በብዙ ባለሙያዎች የተወደደ ነበር፤ ሞንጎዲቢ በ2019 ገዛው፣ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስልኮችና በሰርቨር መካከል መረጃ የሚያመሳስለው አገልግሎቱ በዓመቱ እንደሚቋረጥ አስታወቀ። በስልኩ ውስጥ ያለው ክፍል ኮዱ ክፍት ስለሆነ ቀርቷል፤ ሥራቸውን በማመሳሰያው ላይ የመሠረቱ ሁሉ ግን በዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው። ጄምስቶን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ ስሞልቶክ ቋንቋን ለሚያውቁ ሰዎች እጅግ ጠንካራ መሣሪያ ነው፤ ከእኛ መካከል ግን ስሞልቶክ የሚጽፍ የለም።

በቁም ነገር የመዘንነው ኦብጀክትዲቢ የተባለውን የጃቫ ዳታቤዝ ነው። በነጻ ሲሠሩበት በአንድ የመረጃ ፋይል እስከ 10 ክላስና እስከ 1 ሚሊዮን ኦብጀክት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። የእኛ ክላሶች ገና በዕቅድ ላይ ሳሉ ከ10 አልፈው ነበር፤ ለአንድ አነስተኛ ማከማቻ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ፈቃድ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሆኖም አንድ ትልቅ በጎ ነገር አለው፦ የሚጻፍበት ጄፒኤ የተባለው የጃቫ ደንብ ስለሆነ፣ ነገ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ያንኑ ኮድ ብዙም ሳይነካ ወደ ሰንጠረዥ ዳታቤዝ ማዞር ይችላል። ጃቫ የሚጽፍ ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ነው።

ዞዲቢ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከዞፕ የድረ ገጽ ማሠሪያ ጋር የመጣ ነው፤ ዋና ጸሐፊው ጂም ፉልተን ናቸው። ኮዱ ክፍት፣ ፈቃዱም ነጻ ነው። ፕሎን የተባለው የድረ ገጽ ሥርዓት እስከ ዛሬ በእሱ ላይ ይሠራል፤ ይህ ለእኛ ከማንኛውም የፍጥነት ፈተና በላይ ሚዛን ደፍቷል፣ ምክንያቱም መረጃቸውን በዚህ ዳታቤዝ ያስቀመጡ ብዙ ተቋማት እያሉ ጥገናው በድንገት አይቋረጥም ብለን አስበናል።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ሰርቨር መትከል፣ ተጠቃሚ መመዝገብ፣ ሰንጠረዥ መንደፍ የለም፤ የፓይተን ጥቅሉን አውርዶ አንድ ፋይል መክፈት ይበቃል። ዳታቤዙ «ሥር» የሚባል አንድ መነሻ አለው፤ ከሥሩ የሚደረስበት ነገር ሁሉ ይቀመጣል። ክላሱ «ፐርሲስተንት» ከሚባለው ክላስ እንዲወርስ ከተደረገ በኋላ፣ በኦብጀክቱ ላይ የተደረገ ለውጥ ትራንዛክሽኑ (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ለውጦች ጥቅል) ሲጸድቅ በራሱ ይጻፋል፣ ካልጸደቀም እንዳልነበረ ይሆናል። መጀመሪያ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ አንድ ዳዊት ከነቅጠሎቹና ከነማስታወሻዎቹ አስገብተን ፕሮግራሙን ዘግተን ስንከፍተው እንዳለ ቆየን። ያን ቀን የተሰማንን እፎይታ ዛሬም አስታውሳለሁ።

የመጀመሪያው ወጥመድ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዞዲቢ ለውጥን የሚያውቀው በኦብጀክቱ ላይ አዲስ እሴት ሲሰጥ ነው። በኦብጀክቱ ውስጥ ተራ የፓይተን ዝርዝር ካለና በዚያ ዝርዝር ላይ አንድ ነገር ከተጨመረ፣ ኦብጀክቱ እንደተነካ አይታወቅም፤ ስለዚህ ጭማሪው በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደር (ሜሞሪ) ላይ ይታያል እንጂ ፋይሉ ላይ ላይጻፍ ይችላል። የእኛ መዝጋቢ በአንድ ጠዋት ያስገባቻቸው የኅዳግ ማስታወሻዎች እስከ ማታ በገጹ ላይ ሲታዩ ውለው፣ በማግስቱ ፕሮግራሙ እንደገና ሲነሳ አልተገኙም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ መመሪያው ይህን በግልጽ ይናገራል። መፍትሔው «ፐርሲስተንት ሊስት» እና «ፐርሲስተንት ማፒንግ» የሚባሉትን ለዚሁ የተሠሩ መያዣዎች መጠቀም፣ ትልልቅ ስብስቦችን ደግሞ በቢትሪ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ዝርዝርን በቋሚ ኦብጀክት ውስጥ ያስቀመጠ ኮድ ሁሉ ሳይታረም እንዳያልፍ ደንብ አወጣን። አዲስ ሰው ወደ ቡድኑ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመን የምናስተምረው ይህንን ነው።

ቢትሪን በተመለከተ ጥቂት ልቆይ። ኤስኪውኤል ባለመኖሩ «በዚህ ንጉሥ ዘመን የተጻፉትን፣ ሥዕል ያላቸውን መጻሕፍት አምጣ» ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ ማውጫውን ራሳችን መሥራት አለብን። ቢትሪ ቁልፎቹን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥ፣ ብዙ ሺህ ቁልፍ ቢኖረውም አንዱን ለማግኘት ሁሉንም ወደ ሜሞሪ የማያመጣ መዋቅር ነው። ለጸሐፊ ስም አንድ፣ ለርዕስ አንድ፣ ለዘመን አንድ እያልን አዘጋጀን። የፊደል ቅደም ተከተሉ ለፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ደንብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ የተደረደረ ስለሆነ ርዕሶች ያለ ተጨማሪ ሥራ በሀ ሁ ተራ መውጣታቸው አስደስቶናል። ፍለጋው ግን ሌላ ነገር ነው። «ኃይለ ሥላሴ» ተብሎ የተጻፈውን «ሃይለ ስላሴ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ማግኘት አለበት፤ በብራናው ላይ ያለው አጻጻፍ ደግሞ መነካት የለበትም። ስለዚህ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ አንድ ተግባር ጽፈን፣ የማውጫው ቁልፍ በእሱ የተስተካከለው፣ የሚታየው ጽሑፍ ግን የመጀመሪያው እንዲሆን አደረግን። ይህን በማንኛውም ዳታቤዝ ማድረግ ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን ተግባሩና መረጃው በአንድ ቋንቋ በአንድ ቦታ ስላሉ ሥራው ንጹሕ ሆነ። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ አዲስ ዓይነት ጥያቄ በመጣ ቁጥር አዲስ ማውጫ መሥራትና በቀድሞዎቹ መጻሕፍት ሁሉ ላይ ማለፍ ያስፈልጋል። የማከማቻው ኃላፊ ለዓመታዊ ሪፖርት ያልታሰበ ቁጥር ሲጠይቁ፣ በኤስኪውኤል በአንድ መስመር የሚመለሰው እኛ ዘንድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሥራው በአብዛኛው ሪፖርትና ድምር የሆነ ሰው ከዚህ ዓረፍተ ነገር በኋላ ማንበቡን ትቶ ፖስትግሬስን ቢይዝ ትክክል ነው።

የኤሌክትሪክ መቋረጥን የፈራነውን ያህል አልጎዳንም። ዞዲቢ መረጃን የሚያስቀምጥበት ተራው መንገድ «ፋይል ስቶሬጅ» ይባላል፤ የቆየውን ሳይነካ አዲሱን ሁልጊዜ በፋይሉ መጨረሻ ላይ ይቀጥላል። መብራት በመሐል ቢጠፋ ያልተጠናቀቀው በፋይሉ ጫፍ ላይ ያለው ትራንዛክሽን ብቻ ነው፤ ፋይሉ እንደገና ሲከፈት ያ ቁራጭ ተለይቶ ይነሳል፣ ከእሱ በፊት የጸደቀው ሁሉ ይቀራል። የማከማቻው ኮምፒውተር በዝናቡ ወራት ደጋግሞ በድንገት ጠፍቶብናል፤ የመዝገብ ፋይሉ አንድም ጊዜ አልተበላሸም። ከመጥፋቱ በኋላ የሚታየው ነገር ቢኖር አጋዥ የማውጫ ፋይሉ ወደ ኋላ በመቅረቱ ዳታቤዙ ለመከፈት ትንሽ መዘግየቱ ነው። ይህ ማለት መጠባበቂያ ቅጂ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ዲስኩ ራሱ ሊሞት ይችላል። ለዚህም «ሬፖዞ» የሚባል ከዳታቤዙ ጋር የሚመጣ መሣሪያ አለ፤ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ከዚያ ወዲህ የተጨመረውን ብቻ እየቀዳ ያስቀምጣል። ፋይሉ በመጨረሻው ብቻ ስለሚያድግ የየዕለቱ ቅጂ ትንሽ ነው፤ በፍላሽ ተይዞ ወደ ሌላ ሕንፃ መሄድ ይችላል።

ከዚሁ አሠራር የተነሳ ለብራና መዝገብ እጅግ የሚስማማ ሌላ ጥቅም አገኘን። የቀድሞው ሁኔታ ስለማይጠፋ፣ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንዳስተካከለ ከነማብራሪያው ይገኛል፤ የተሳሳተ እርማትም ሊመለስ ይችላል። አንድ ባለሙያ የጽሕፈቱን ዘመን ከአሥራ ስድስተኛ ወደ አሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ሲያዛውር፣ የቀድሞው ግምትና የገመተው ሰው ስም አብሮ መኖሩ በዚህ ሙያ ቅንጦት አይደለም። ነገር ግን ፋይሉ ያለ ገደብ ያድጋል። እንዳይሰፋ «ፓክ» የሚባለውን የማጽዳት ሥራ በየጊዜው ማካሄድ ያስፈልጋል፤ ሲጸዳ ደግሞ ከተወሰነው ቀን በፊት ያለው ታሪክ ይጠፋል፣ በሥራው ወቅትም ከዋናው ፋይል ጋር የሚቀራረብ ተጨማሪ ባዶ ቦታ በዲስኩ ላይ መኖር አለበት። ስለዚህ የእርማት ታሪክን ለዘለቄታው መያዝ የሚፈልግ ሰው በዳታቤዙ ላይ ብቻ ሊተማመን አይገባም፤ እኛም በመጨረሻ «እርማት» የሚባል የራሱ ክላስ ሠርተንለታል። የብራናዎቹን ፎቶግራፎች በተመለከተ፣ ዞዲቢ «ብሎብ» በሚለው መንገድ ከዋናው ፋይል ውጭ በአቃፊ ያስቀምጣቸዋል፤ ይህ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል።

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲሠራበት ምን ይሆናል? አንዱን የፋይል ስቶሬጅ ፋይል ለመጻፍ የሚከፍተው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ «ዚኦ» የሚባለውን አገልጋይ መሐል ላይ ማቆም፣ ወይም በ«ሬልስቶሬጅ» በኩል መረጃውን በፖስትግሬስ ውስጥ ማኖር ይቻላል። ይህ ሁለተኛው አንዳንዶችን ያሳስታል፦ ፖስትግሬስ ውስጥ የሚቀመጠው የታሸገ ኦብጀክት እንጂ በኤስኪውኤል የሚጠየቅ ረድፍ አይደለም። እያንዳንዱ ሠራተኛ ትራንዛክሽኑን ሲጀምር የነበረውን የመረጃውን መልክ ያያል፤ ሁለት ሰዎች አንዱን ኦብጀክት በአንድ ጊዜ ቢለውጡ የኋለኛው «ግጭት» ተብሎ ይመለስና እንደገና ይሞክራል። ለእኛ አራት መዝጋቢዎች ይህ ከበቂ በላይ ነው። ችግር የገጠመን በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ተከታታይ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ አንድ ኦብጀክት ስለነበረ ሁሉም እዚያ ይጋጩ ነበር። ለእያንዳንዱ መዝጋቢ የራሱን የቁጥር ክልል ስንመድብ ግጭቱ ቆመ። በየሰከንዱ ብዙ ጽሑፍ የሚገባበት ሥራ፣ ለምሳሌ የክፍያ ሥርዓት፣ ለዚህ ዳታቤዝ የተፈጠረ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ዋጋ ልመለስ። ዞዲቢ ኦብጀክትን ሲያስቀምጥ ፒክል በሚባለው የፓይተን አሠራር አሽጎ ነው፤ በእሽጉም ውስጥ የክላሱ ስምና ያለበት የኮድ ፋይል ስም ይጻፋል። ሥራው ስድስት ወር ሲሆነው ኮዱን ለማጽዳት ብለን የዘመን ክላሶችን ከአንድ የኮድ ፋይል ወደ ሌላ አዛወርናቸው። ለእኛ የቤት ዕቃ እንደ ማዛወር ነበር፤ ለዳታቤዙ ግን አድራሻው የጠፋበት መጽሐፍ ሁሉ «የተሰበረ» ኦብጀክት ሆነ። መረጃው አልጠፋም፤ በቀድሞው ቦታ ወደ አዲሱ የሚመራ ስም ብንተው ሁሉም ተመለሰ፤ የተቀመጡትን አድራሻዎች በሙሉ የሚያድስ «ዞዲቢአፕዴት» የሚባል መሣሪያም አለ። ሆኖም ያን ዕለት በግልጽ የታየን ነገር የክላስ ስም ከዚህ በኋላ የኮድ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው። አዲስ ባሕርይ ስንጨምርም የቀድሞዎቹ ኦብጀክቶች ያ ባሕርይ የላቸውም፤ ስለዚህ በክላሱ ላይ መነሻ እሴት መስጠት ግዴታ ነው። በሰንጠረዥ ዓለም አንድ ትእዛዝ በሁሉም ረድፍ ላይ የሚያደርገውን እዚህ በጥንቃቄና በሥነ ሥርዓት መፈጸም ያስፈልጋል። ፒክል ሌላም አደጋ አለው፦ ከማይታመን ሰው የመጣን የታሸገ ፋይል መክፈት በኮምፒውተሩ ላይ የማይታወቅ ትእዛዝ እንዲፈጸም በር ይከፍታል፤ ስለዚህ የዞዲቢ ፋይልን ከውጭ ተቀብሎ መክፈት አይገባም።

ይህ ዋጋ ከእኛ ትንሽ ሥራ በላይ ትልልቆቹንም የነካ ነው። በጄኔቫ የሚገኘው ሰርን የተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል የስብሰባ ማስተናገጃ አድርጎ የሠራው ኢንዲኮ ለብዙ ዓመታት በዞዲቢ ላይ ከቆየ በኋላ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሁለተኛው ዋና ዕትሙ ጀምሮ በፖስትግሬስ ላይ ይሠራል። በካሊፎርኒያ የስላክ ላቦራቶሪ ባባር የተባለው የፊዚክስ ሙከራ ደግሞ ኦብጀክቲቪቲ በሚባለው ኦብጀክት ዳታቤዝ ከ800 ቴራባይት በላይ አከማችቶ፣ በኋላ የሙከራውን ውጤት ሩት ወደሚባሉ ፋይሎች አዛውሯል። ሁለቱም መውጣት ችለዋል፤ ሁለቱም ግን ለመውጫው የሚሠራ ብቁ ቡድን ነበራቸው። ሦስት ሰው ያለበት ቡድን ይህን አስቦ መጀመር አለበት። ፓይተን ራሱ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ዕትም ሲሸጋገር የታሸጉ የቆዩ ጽሑፎች የትኞቹ ፊደል፣ የትኞቹ ተራ ባይት እንደሆኑ መለየት የዞዲቢ ተጠቃሚዎችን ብዙ አድክሟል፤ ፕሎን ሦስተኛውን ፓይተን መደገፍ የጀመረው በ2019 ነው። አዲስ ጀማሪ ይህ ችግር የለበትም፤ ዳታቤዙ ከቋንቋው ጋር ምን ያህል እንደተቆራኘ ግን ያሳያል። ከፓይተን ውጭ ባለ ቋንቋ ይህን ፋይል ለማንበብ ማሰብም አይገባም።

ስለዚህ ለማን እመክራለሁ? በፓይተን ለሚሠራ፣ መረጃው በጥልቀት የተያያዘና ቅርጹ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለያይ ለሆነበት፣ ጸሐፊዎቹ ጥቂት ለሆኑለት፣ ኮዱንም ራሱ ለረጅም ጊዜ ለሚጠብቅ ቡድን ዞዲቢ እስካሁን ካየሁት ሁሉ የተሻለ ነው። ሥራውን አስረክቦ ለሚሄድ፣ የሚረከበውም ሰው ኤስኪውኤል ብቻ ለሚያውቅበት ግን አልመክርም፤ በአገራችን ያለው የጥገና ባለሙያ አብዛኛው በሰንጠረዥ የሠለጠነ ስለሆነ ይህ ከባድ ነጥብ ነው። እኛ ራሳችን ለማከማቻው ኃላፊ ይህን በግልጽ ነግረናቸው፣ ውሉ ውስጥ የመውጫውን በር እንድንሠራ የሚል አንቀጽ እንዲገባ ጠይቀናል።

ያ በር አሁን አለ። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ እያንዳንዱ መጽሐፍ ከዳታቤዙ ወጥቶ በኤክስኤምኤል፣ ቲኢአይ በሚባለው የጽሑፍ ቅርስ መግለጫ ደንብ መሠረት፣ ለየብቻው እንደ ተራ ፋይል ይጻፋል፤ ይህን ደንብ የመረጥነው በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎችን የሚመዘግበው ቤተ መጻሕፍት የተሰኘው ፕሮጀክትም የሚሠራበት ስለሆነ ነው። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ እነዚያን ፋይሎች በሌላ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ወደሆነ ፖስትግሬስ አስገብተን እንቆጥራቸዋለን። ባለፈው ወር ሲቆጠሩ ሦስት መጻሕፍት ዘመናቸው ጎድሎ ወጣ፤ ሦስቱም በዘመነ ወንጌላዊ ብቻ የተመዘገቡ ነበሩ፣ የመላኪያው ኮድም ያንን ክላስ ረስቶት ነበር። ኮዱ ታርሞ በተከታዩ ዓርብ ሦስቱም ከነዘመናቸው ወጡ።